ስለ ተለወጠው መኪና የቀረበ ሙግት

በአሜሪካ አገር የቀድሞ መኪናዎችን በሚሰበስቡና በሚያደንቁ ሰዎች ዘንድ እንደ ቀኖና የጸና አንድ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም ከ1964 እስከ 1972 ባሉት ዓመታት (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ ፋብሪካዎች የተሠሩት፣ በመካከለኛ አካል ላይ ከመጠን ያለፈ ትልቅ ሞተር የተሸከሙት፣ «ማስል ካር» የሚባሉት መኪናዎች፣ ከፋብሪካ በወጡበት ዕለት እንደ ነበሩ ካልተጠበቁ ወይም ወደዚያው መልክ ካልተመለሱ ክብራቸውን ያጣሉ የሚል ነው። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት የሞተሩና የካምቢዮው ቁጥር ከሻሲው ቁጥር ጋር መስማማት አለበት፤ ቀለሙም በፋብሪካው ሰሌዳ ላይ የተመዘገበው መሆን አለበት፤ ይህም አልበቃ ብሎ የፋብሪካው ሠራተኛ በጠመኔ የጫረው ምልክትና ቀለም ቀቢው በችኰላ ከአካሉ በታች የረጨው ትርፍ ቀለም ሳይቀር በብዙ ድካምና ወጪ እንደገና ይሣላል። በአንጻሩ ሞተሩን አሳድጎ፣ ፍሬኑን ለውጦ፣ ዲፈረንሻሉን አጠንክሮ፣ በአዘቦት ቀን በአደባባይ መንገድ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ በሩብ ማይል የድራግ ውድድር ሜዳ የሚነዳው ሰው ቅርስ እንዳፈረሰ ይቈጠራል።

ይህ አስተሳሰብ በሐራጅ አዳራሾች፣ በዳኞች የመመዘኛ ወረቀትና በሰብሳቢዎች ማኅበራት ሥር የሰደደ ስለ ሆነ፣ የሚቃወመው ሰው ወይ አላዋቂ ወይ የቅርስ ጠላት ይባላል። እኔ የምሟገተው ግን ቅርሱን ከሚወዱት ወገን ሆኜ ነው። እነዚህን መኪናዎች ከፋብሪካው በር በወጡባት በአንዲት ቀን መልክ አስሮ ማቈየት ግብራቸውን ከባሕርያቸው መለየት ነው እላለሁ፤ እውነተኛው ወራሻቸውም ዛሬ በጎዳናም በውድድር ሜዳም የሚሮጠው፣ እጅ የገባበትና የተለወጠው መኪና ነው። ይህንም ከልደታቸው ጀምሬ ላስረዳ።

የዚህ ዘር በኵር ተብሎ የሚቈጠረው የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ ነው። በ1963 መባቻ የጄኔራል ሞተርስ አለቆች በሥራቸው ያሉት ፋብሪካዎች በማናቸውም ውድድር እንዳይካፈሉ ከልክለው ነበር፤ መካከለኛ መጠን ባለው መኪና ላይም ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገባ የሚያዝዝ ደንብ ነበራቸው። በፖንቲያክ የነበሩት መሐንዲሶች ጆን ዲሎሪያን፣ ቢል ኮሊንስና ረስ ጊ ግን ለትልቁ መኪና የተሠራው ባለ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር በትንሹ ቴምፔስት ላይ ያለ ብዙ ችግር እንደሚገባ አስተዋሉ፤ አዲስ ሞዴል ነው ቢሉ የበላዮቹ ፈቃድ የግድ ስለሚያስፈልግ፣ ገዢው ቢሻ ተጨማሪ ከፍሎ የሚወስደው ምርጫ ነው ብለው ለገበያ አወጡት። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። እንግዲህ የነገዱ አባት የተወለደው ለአንዱ መኪና የታሰበውን ሞተር አንሥቶ ለሌላው በመግጠምና በፋብሪካው ደንብ ዙሪያ መንገድ በመፈለግ ነው ማለት ነው።

ዝናው በአገሩ ሁሉ የተሰማበትም መንገድ ከዚህ የባሰ ለተቃዋሚዎቼ የማይመች ነው። «ካር ኤንድ ድራይቨር» የተባለው መጽሔት በ1964 ይህን መኪና ከፌራሪ ጂ.ቲ.ኦ ጋር አስተያይቶ ብዙ ሲያወድሰው፣ ለሙከራ የቀረበለት መኪና በሚሺጋን፣ በሮያል ኦክ ከተማ በነበረው የሮያል ፖንቲያክ መሸጫ ባለሙያዎች እጅ ተዘጋጅቶ የመጣ ነበረ፤ በፖንቲያክ ማስታወቂያ ሥራ ላይ የነበረው ጂም ዋንገርስም በኮፈኑ ሥር የተቀመጠው ሞተር 389 ሳይሆን 421 ኪዩቢክ ኢንች እንደ ነበረ ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ገልጧል። አሜሪካ በመጀመሪያ የወደደችው ጂ.ቲ.ኦ ቁጥሩ የማይመሳከር ጂ.ቲ.ኦ ነበረ።

የፎርድን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህ ነገር በአንድ ፋብሪካ ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ ያውቃል። በ1967 በሮድ አይላንድ ግዛት፣ በኢስት ፕሮቪደንስ የነበረው የቦብ ታስካ የመኪና መሸጫ አንድ ማስታንግ ሞተሩ ተሰብሮበት፣ ሠራተኞቹ ለፖሊስ መኪና ከሚሠራው ባለ 428 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር የታችኛውን ክፍል፣ ከባለ 427ቱ ደግሞ ቴስታታውን ወስደው፣ በጋራዡ ውስጥ ካገኙት ሁሉ አንድ አዲስ ሞተር ሠሩለት። መኪናው ፎርድ ራሱ ይሸጣቸው ከነበሩት ማስታንጎች ሁሉ በለጠ። «ሆት ሮድ» መጽሔት ነገሩን ለሕዝብ ገለጠ፤ አንባቢዎችም ለፎርድ አለቆች ደብዳቤ ጻፉ፤ ፋብሪካውም ሐሳቡን ተቀብሎ 428 ኮብራ ጄት የተባለውን ማስታንግ ሠራ። በ1968 የካቲት በካሊፎርኒያ፣ በፖሞና በተደረገው የክረምት ውድድር አል ጆኒየክ በዚሁ ዓይነት መኪና የሱፐር ስቶክ ምድብን ድል ወሰደ። ዛሬ በሐራጅ መድረክ ላይ ቁጥሩ ተመሳክሮ፣ በመብራት ደምቆ የሚቆመው ኮብራ ጄት እንግዲህ የምን ግልባጭ ነው? ከሦስት ዓይነት መኪና መለዋወጫ ተለቅሞ በአንድ መሸጫ ጋራዥ የተሠራ፣ አንዳችም ቁጥሩ የማይስማማ ማስታንግ ግልባጭ ነው። ግልባጩን እያከበሩ ምንጩን በመሰለው ሥራ ላይ መፍረድ ርትዕ አይደለም።

ሌሎች መሸጫዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ የሼቭሮሌት ነጋዴው ዶን ዬንኮ በፔንሲልቫኒያ፣ በካነንስበርግ ከተማ፣ በ1967ና በ1968 ካማሮዎችን ከሼቭሮሌት ተቀብሎ የገቡበትን ሞተር ያወጣና ባለ 427 ኪዩቢክ ኢንቹን ያገባላቸው ነበር። በቺካጎ የኒኪ ሼቭሮሌት መሸጫና ሚስተር ኖርም ተብሎ የታወቀው የዶጅ ነጋዴ፣ በኒው ዮርክም በሎንግ አይላንድ የባልድዊን ሞሽን ቤት ይህንኑ የመሰለ ሥራ ይሠሩ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ዛሬ በቅርስነት ተመዝግቦ ከፍተኛ ዋጋ ይወጣለታል፤ ሰብሳቢውም አንድ የዬንኮ ካማሮ ለማግኘት ቤቱን ለማስያዝ ወደ ኋላ አይልም። ነገር ግን በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ከተማ፣ አንድ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ያንኑ ሞተር፣ ከዚያው የመለዋወጫ መደብር ገዝቶ፣ በገዛ ጋራዡ፣ በገዛ እጁ ገጥሞት ከሆነ መኪናው «የተበላሸ» ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በብረቱ ላይ አይገኝም፤ በጥበቡም ላይ አይገኝም፤ ያለው በደረሰኙ ላይ ነው። ከደረሰኝ የሚመነጭ ቅድስና እኔ አላውቅም።

በ1968 ዶጅና ፕሊመዝ ባለ 426 ኪዩቢክ ኢንቹን የሄሚ ሞተር የተሸከሙ ዳርትና ባራኩዳ ለድራግ ውድድር ብቻ አሠርተው ሲሸጡ፣ የመገጣጠሙን ሥራ ለኸርስት ኩባንያ ሰጥተው፣ ያለ ዋስትና፣ መደበኛ ቀለም እንኳ ሳይቀቡ ነበር ያስረከቧቸው፤ ምክንያቱም ገዢው ሁሉ የራሱን ቀለም፣ የራሱን ጎማ፣ የራሱንም ማስተካከያ እንደሚያደርግባቸው ያውቁ ነበር። ለዚህ መኪና «የመጀመሪያው መልክ» የሚባለው ምኑ ነው?

ከዚህም ሁሉ በፊት፣ ዲትሮይት ገና ስለ ፍጥነት ሳታስብ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ የካሊፎርኒያ ጎበዛዝት አሮጌ ፎርዶችን እየፈቱና እየገጠሙ በደረቁ የሐይቅ ወለልና በተተዉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። በ1950 በሳንታ አና የድራግ ሜዳ ተከፈተ፤ በ1951 ዎሊ ፓርክስ የብሔራዊ ሆት ሮድ ማኅበርን መሠረተ፤ የዚህም ማኅበር ዋና ዓላማ ወጣቱን ከጎዳና ላይ ሽቅድምድም አውጥቶ ሥርዓትና ጥበቃ ወዳለው ሜዳ ማስገባት ነበር። ኤድ ኢስኬንዴሪያን ካምሻፍቱን፣ ቪክ ኤደልብሮክ የሞተሩን አየር ማስገቢያ ማኒፎልድ በየጋራዣቸው ሲያሻሽሉ፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ተመልካቾች ነበሩ። ስለዚህ ማስል ካር ከፋብሪካ ወደ ሕዝብ የወረደ ጸጋ ነው የሚለው ነገር የታሪኩን ሥርዓት ይገለብጣል፤ ሕዝቡ በእጁ የሠራውን ፋብሪካው አይቶ፣ አባዝቶና ዋጋ ቈርጦ መልሶ ለሕዝቡ ሸጠለት እንጂ።

ፋብሪካው ሲሸጥለትም የሒሳብ ሹሙ ፈቃድ በፈቀደለት መጠን ነበር። ሞተሩ ትልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ገንዘቡ አለቀ። እስከ 1966 የተሠራ ጂ.ቲ.ኦ የፍሬኑ ፈሳሽ የሚያልፈው በአንድ መሥመር ብቻ ስለ ነበረ፣ አንዲት ቱቦ ብትቀደድ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል፤ ፍሬኑም በአራቱም ጎማ የታምቡር ነበር። የ1967ቱ ካማሮ የኋላ ባሌስትራ አንድ ነጠላ ቅጠል ብቻ ስለ ነበረው፣ ነጂው ቤንዚኑን በኀይል ሲረግጥ ባሌስትራው ይጠማዘዝና ጎማው አስፋልቱን እየለቀቀ ይዘል ነበር። ይህንን ሁሉ የሠሩት መሐንዲሶች ጉድለቱን አያውቁም ማለት አይደለም፤ የሚያውቁትን እንዲሠሩ አልተፈቀደላቸውም። በ1968 ፕሊመዝ ሮድ ራነር ከ2,900 ዶላር በታች የሚነሣ ዋጋ የተቈረጠለት የወር ደመወዝተኛ ወጣት እንዲገዛው ተብሎ ነው፤ ወጣቱም የገዛ ዕለት ማርሚታውን ፈትቶ፣ ካርቡራተሩን በሆሊ ሥሪት ለውጦ፣ በኸርስት ማርሽ ዘንግ እየቀያየረ ወደ ሜዳው ይሄድ ነበር። ፋብሪካዎቹም ይህን ስለሚያውቁ የውድድር መለዋወጫ በየመደብሩ ባንኮኒ ላይ ይሸጡለት ነበር። ዛሬ «እንደ ወጣ» እየተባለ የሚታደሰው መኪና እንግዲህ በመንገድ ላይ የኖረው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ባለቤቱም ሠሪውም እንዲለወጥ የጠበቁት፣ ያልተፈጸመ ሥራ ነበር።

አሁን ደግሞ ቁጥርን ማክበር በሥነ ምግባር ላይ ያመጣውን ጉዳት ላሳይ። በሼቭሮሌት ሞተር ላይ የመለያው ቁጥር የሚገኘው በተሳፋሪው በኩል ባለው የሲሊንደር ረድፍ ጫፍ፣ ቴስታታው ከሚያበቃበት ወደ ፊት ወጣ ብላ በምትታይ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ነው። የሚገመግመው ሰው ዘይቱን ጠርጎ፣ ባትሪውን አብርቶ፣ አጉሊ መነጽሩን ይዞ ያጐነብሳል፤ የሚፈልገውም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን፣ የፋብሪካው መሣሪያ ብረቱን ሲያስተካክል የተወውን ቀጫጭን ትይዩ መሥመር ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ያ ወለል ቴስታታው ከሚቀመጥበት ወለል ጋር አንድ ነው። ብዙ ዓመት የሠራ ሞተር በሚታደስበት ጊዜ፣ ጠንቃቃ ባለሙያ ጓርኒሲዮኑ በደንብ እንዲገጥም ይህን ወለል ይላጨዋል፤ ሲላጨውም ቁጥሩም መሥመሩም አብረው ይጠፋሉ። እንግዲህ ሥራውን በታማኝነት የፈጸመው መካኒክ መኪናውን «ዋጋ አሳጣ» ተብሎ ይከሰሳል፤ በአንጻሩ ቁጥሩን በመዶሻ አዲስ የሚመታ፣ መሥመሩንም በዘዴ የሚጭር ሐሰተኛ ሰው በሺህ የሚቈጠር ዶላር ያተርፋል። በዚህ ገበያ ሐሰተኛ ሰሌዳ፣ እንደገና የተመታ ሞተርና ከተራ መኪና ተነሥቶ የታወቀ ሞዴል ነኝ የሚል ግልባጭ የበዛው ሰዎች ከጥንት ይልቅ ስለ ከፉ አይመስለኝም፤ ትልቁን ሽልማት ለቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት ቁጥር ሠሪዎችን ስለሚያፈራ ነው። የተለወጠው መኪና ግን ነኝ የሚለውን ነው። ኮፈኑን የከፈተ ሁሉ አዲሱን ሞተር፣ የተበየደውን ብረት፣ ትልቁን ራዲያተር ያያል፤ የተሸሸገ ነገር የለውም።

ለጎዳናም ለሜዳም የሚሆን መኪና መሥራት ለሁለት ጌቶች እንደ ማደር ነው፤ ችግሩም ክብሩም ከዚሁ ይመነጫል። ካምሻፍቱ ቫልቮቹን ረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቈይ ከሆነ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ብዙ አየር ይስባል፤ ቆሞ በዝግታ ሲዞር ግን ይንቀጠቀጣል፣ ለፍሬኑ ማገዣ የሚያስፈልገው ቫኪዩምም ይደክማል፤ ስለዚህ ሠሪው በትራፊክ መብራት ላይ ሳይጠፋ የሚቆምና በሩብ ማይል መጨረሻ የማይታፈን ሞተር ለማግኘት መካከለኛውን ልክ መፈለግ አለበት። የዲፈረንሻሉ ጥርስም እንዲሁ ነው። 4.10 የሆነ ጥርስ ከመነሻው መኪናውን አስፈንጥሮ ያስወጣል፤ ነገር ግን ቁመቱ 27 ኢንች በሆነ ጎማ በሰዓት 65 ማይል ሲነዳ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 3,300 ዙር እንዲዞር ያስገድደዋል፤ ረጅም መንገድም ጆሮን ያደክማል፣ ቤንዚንም ይጨርሳል። በላዩ 0.70 የሆነ የመጨረሻ ማርሽ ያለው ካምቢዮ ሲገባ ግን ዙሩ ወደ 2,300 ይወርዳል። እንደ ካማሮ ባለ መኪና የፊተኛው ሻሲ ከአካሉ ጋር በብሎን የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ጉልበት ሲበዛበት አካሉ ይጠመዘዛል፤ የፊቱንና የኋላውን የሚያያይዝ ብረት ከበታቹ ካልተበየደ በሮቹ መግጠም እስኪሳናቸው ድረስ ይጐዳል። እነዚህ ነገሮች እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱን የነካ ሌላውን ማስተካከል ግድ ይሆንበታል። ይህን ሚዛን አግኝቶ መኪናውን በሙቀት ወራት በተጨናነቀ ጎዳና ሳያግል የሚነዳ፣ በዚያው ዕለት በሜዳው ከ12 ሰኮንድ በታች የሚያስሮጥ ሰው፣ ፋብሪካው ያልጨረሰውን ትምህርት የጨረሰ ሰው ነው።

በሜሪላንድ አንድ የበጋ ምሽት ከድራግ ሜዳ አጥር ሥር ቆሜ ያየሁት የሼቭሮሌት ኖቫ የዚህ ነገር አብነት ነው። ባለቤቱ ኖቫውን በሰሌዳው ራሱ እየነዳ፣ የኋላ መቀመጫው ላይ ሁለት የውድድር ጎማ ጭኖ መጣ። ጎማውን ቀየረ፤ ተራው ሲደርስ በውኃው ላይ ጎማውን አዙሮ ጢሱ እስኪሸፍነው አሞቀው፤ ከዚያም ሁለቱ ትንንሽ መብራቶች እስኪበሩለት በጣት እየለካ የሚሄድ ያህል በዝግታ ወደ መነሻው ቀረበ። ቢጫዎቹ መብራቶች በየግማሽ ሰኮንዱ ወረዱ፤ አረንጓዴው ሊበራ ሲል የመኪናው አፍንጫ ተነሣ፣ ጅራቱ ተቀመጠ፣ ድምፁም ከመሬት ወደ ደረት የሚገባ ሆነ። ተመልሶ ሲመጣ ሰዓት ከሚመዘገብበት ዳስ መስኮት የተሰጠውን ወረቀት አነበበ፤ ያየው የመጨረሻውን ሰዓት አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹን 60 ጫማ የተሻገረበትን ሰዓት ነበር፤ ምክንያቱም መኪናው መሬቱን በደንብ እንደ ያዘ ወይም እንደ ለቀቀ የሚነግረው እርሱ ነው። ከዚያም ኮፈኑን ከፍቶ አንዲት ካንዴላ ፈታ፤ በነጩ ሸክላ ላይ የተቀመጠውን ቀለም ወደ መብራቱ አዙሮ መረመረ፤ ቤንዚኑ እንዳነሰበት ከቀለሙ ተረድቶ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ማሳለፊያ በመጠኑ ሰፋ ባለ ለወጠው። በሚቀጥለው ዙር ሰዓቱ ቀነሰ። ሲመሽ የመንገድ ጎማውን መልሶ አሠረና በአውራ ጎዳናው ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያ ሜዳ ላይ የታየውን ዕውቀት በመስታወት አጥር ውስጥ የተቀመጠ መኪና ሊያስተምር አይችልም።

ይህም የጥቂት ሰዎች ልማድ ብቻ አይደለም። «ሆት ሮድ» መጽሔት በ2005 በጀመረው «ድራግ ዊክ» በተባለው ውድድር፣ ተወዳዳሪዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሜዳ ወደ ሜዳ ከ1,000 ማይል በላይ በአደባባይ መንገድ ይነዳሉ፤ ረዳት መኪና እንዲከተላቸው አይፈቀድም፤ መሣሪያቸውንና መለዋወጫቸውን ራሳቸው ይሸከማሉ። በ2019 ቶም ቤይሊ በዚህ ውድድር በ1969 ካማሮ መልክ በተሠራ መኪና ሩብ ማይሉን ከ6 ሰኮንድ በታች ፈጸመ። ይህን ሥራ አደንቃለሁ፤ ሆኖም ከስሙና ከመልኩ በቀር ከዲትሮይት የመጣ ብዙ ብረት ስለሌለው የሙግቴ ምስክር አላደርገውም። ከወገኖቼም የምነቅፋቸው አሉ፤ በብዙ መቶ ሺህ ዶላር መኪናውን አስለውጠው፣ ሞተሩን እንደ ጌጥ አስነቅሰው፣ በሌላ መኪና እያስጫኑ ወደ ትርኢት ብቻ የሚወስዱት፣ ቁጥር አምላኪውን በሌላ መንገድ መሰሉት እንጂ አልራቁትም።

የሚቀርቡብኝን መቃወሚያዎች አልሸሽም። ከሁሉ የሚከብደው ብርቅ የሆነው መኪና ነገር ነው። በ1971 የተሠሩት ጣራቸው የሚከፈት የሄሚ ኩዳ መኪናዎች 11 ብቻ ናቸው፤ አንዱም በ2014 በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በ1969 ሼቭሮሌት የሠራቸው ባለ አሉሚኒየም ሞተር ዜድ.ኤል.1 ካማሮዎች 69 ናቸው። እንዲህ ያለውን መኪና የሚቈርጥ ሰው ቢኖር እኔም እከሰዋለሁ። እንዲሁም ታሪክ የተጻፈበትን መኪና አትንኩ እላለሁ። የዲትሮይት ፖሊስ የነበረው ጎድፍሪ ኳልስ የ1970 ሄሚ ቻሌንጀሩን በሌሊት በዉድዋርድ ጎዳና ያሽቀዳድም ነበር፤ ድል ነሥቶ ወዲያው ስለሚሰወርም መኪናው «ጥቁሩ መንፈስ» ተባለ፤ በ2020ም በብሔራዊው የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ገባ። የጎዳናውን ሽቅድምድም አላወድስም፤ ነገር ግን ያንን መኪና ክቡር ያደረገው ምን እንደ ሆነ ተቃዋሚዎቼ ልብ ይበሉ። ከዚያው ፋብሪካ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዓይነት ሞተር የወጡ ሌሎች አሉ፤ እርሱን ከእነርሱ የለየው የሠራው ሥራ ነው።

ከብርቆቹ ውጭ ያለው ግን ብዙ ነው። የ1969ኙ ካማሮ ብቻ 243,085 ተሠርቷል፤ ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹ ተራ ሞተር፣ አንዳንዶቹም ባለ ስድስት ሲሊንደር ይዘው የወጡ ናቸው። ደካማ ባለ 307 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ወጥቶ ብርቱ ሲገባ የተጐዳው ማን ነው? ምን የተሰወረ ዕውቀት ጠፋ? «ዋጋው ይወርዳል» የሚሉኝ ደግሞ ሳያውቁት የእኔን ነገር ይረዱልኛል፤ ለሠራተኛ ልጅ ተብሎ የተሠራ መኪና ዋጋው ሰማይ ነክቶ የሠራተኛ ልጅ የማይቀርበው መሆኑ ለዚህ ቅርስ ትልቁ ጥፋት ነውና፤ ዝገት የበላውን ኖቫ ወይም ዳርት በጥቂት ገንዘብ ገዝቶ፣ ከወደቀ መኪና ሞተር አንሥቶ የሚሠራው ወጣት ግን በሩን ከፍቶ ይገባል።

ስለ አደጋም ይናገራሉ። በፋብሪካው ፍሬንና በፋብሪካው ጎማ ባለ 400 የፈረስ ጉልበት መኪና መንዳት ከአደጋ የራቀ ነው የሚል ካለ አንድ ጊዜ በዝናብ ይሞክረው። በውድድር ሜዳው ሥርዓት ግን ከ13.99 ሰኮንድ ጀምሮ የራስ ቁር ግዴታ ነው፤ በ11.49 መኪናው ሲገለበጥ ነጂውን የሚጠብቅ የብረት ደጋፊ ይጠየቃል፤ ከ10 ሰኮንድ በታች ሙሉ የብረት አጥር ያስፈልጋል። መኪናውን መለወጥ የሚከለክለው ሥርዓት እነዚህን የብረት መጠበቂያዎች ይከለክላል። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ከመደብር ወጥቶ ያለ ድምፅ ይበልጣቸዋል የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው፣ ይበልጣቸዋል፤ የሚበልጠው ግን ገዢው ያልሠራው ነገር ነው።

ለዳኞችና ለማኅበራት የማቀርበው ልመና ይህ ነው፦ መኪናን በቁጥሩ ብቻ የምትመዝኑበትን ወረቀት አስፉ፤ በጎዳና ተነድቶ መጥቶ በሜዳ የሮጠውን፣ የሥራውም ጥራት የተመሰከረለትን መኪና ከቁጥሩ መኪና እኩል መዓርግ ስጡት። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ በእጃችሁ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ጥበብ ላላችሁ ወገኖቼም የምለው አለኝ። በሜካኒክስቪል ያለው የሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ከቤታችሁ ሩቅ አይደለም፤ አሮጌ መኪና ካላችሁ ለሐራጅ ብላችሁ በሸራ አትሸፍኑት። ለውጡት፣ ንዱት፣ ወደ ሜዳው ውሰዱት። ቁጥር አትምቱበት። የለወጣችሁትን ሁሉ ግን ማን እንደ ሠራው፣ መቼ እንደ ሠራው፣ ከየት እንደ መጣ በመዝገብ ጻፉ፤ መኪናውን ለሌላ ሰው ባስረከባችሁ ጊዜም መዝገቡን አብራችሁ ስጡት።